መንገደኛው ጋሼና ደሴታቸው

በየመሥሪያ ቤቱ ሁልጊዜ ሊሄድ የተነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ሻንጣው የታሰረ፣ ፓስፖርቱ የታደሰ፣ ልቡ ቀድሞት የሄደ፣ እግሩ ግን ከደጅ ያልወጣ። በእናንተም ቢሮ አለ፤ ዞር ዞር ብላችሁ ፈልጉት። ካጣችሁት ደግሞ፣ አትቀየሙኝና፣ እናንተው ናችሁ።

የኛው ክቡር መንገደኛ ጋሼ ይባላሉ። ስም አላቸው፤ ግን ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጽዳቷ ድረስ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። ክቡርነታቸው አንዲት ሞቃት ደሴት ላይ አሥራ አራት ቀን ሊያርፉ ነው። ሊሄዱ ከተነሱ ይኸው አሥር ዓመታቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንቱ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ተፋቷል፣ ታርቋል። እሳቸው እንደተነሱ አሉ።

የምንሠራው ማተሚያ ቤት፣ እርማት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተገጥሞ፣ አንደኛው የሳቸው፣ ሌላው የኔ። ማሽኑ ከእግራችን በታች ስላለ ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ እንኳ እፎይ ብሎ አይቀመጥም። ሥራችን እንዲህ ነው። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በእርሳስ ይከተላል። አንባቢው ምልክቱንም አይተውም፤ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ» እያለ ይሄዳል። አንቀጽ ሲያልቅ ዝም ይላል፤ ተከታዩ «ይቀጥሉ» ካላለው አንዲት ቃል አይጨምርም። ስህተት ከተገኘ ንባቡ እዚያው ይቆማል፣ ወረቀቱም ወደመጣበት ይመለሳል። ካልተገኘ ተከታዩ ግርጌው ላይ «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። ያ ፊርማ የሌለው ወረቀት የንጉሥ አዋጅ ቢሆን ማሽን አያገኝም።

ጋሼ አንባቢ፣ እኔ ተከታይ። ከሳቸው በቀር ማንም እንዲያነብልኝ ፈልጌ አላውቅም። ሰላሳ ዓመት ምልክት ሲጠሩ ኖረው ምላሳቸው ስለለመደው፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «ወራጅ አለ፣ ቃለ አጋኖ» ብለው ሾፌሩን ያስደነገጡ ሰው ናቸው።

የደሴቲቱ እቅድ ያለው ወፍራም ደብተር ውስጥ ነው። በእርሳስ የተጻፈ፣ ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት። «ለምን ዝም ብለው አይሄዱም?» ያላቸው ሰው ወየውለት! ጣታቸውን ያነሱና «ሳይታረም አይኬድም!» ይላሉ። በየዓመቱ ፈቃዳቸው ሲደርስ ደብተሩን እንደማንኛውም የማተሚያ ቤቱ ሥራ ይዘው ይቀመጣሉ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እከተላለሁ። በየዓመቱም ስድስተኛው ቀን አካባቢ አንድ ስህተት ይገኛል። «አየህ?» ይሉኛል በድል አድራጊነት፣ «ይህን ይዤ ሄጄ ቢሆን ጉድ ሆኜ ነበር።» ደብተሩ ይዘጋል፤ ለከርሞ።

ዝግጅታቸውን ያላየ ሰው ዝግጅት አይቷል አልልም። የአሸዋ ጫማቸው እንዲለሰልስ ብለው በክረምት ጭቃ ውስጥ ተጫምተውት ይዞራሉ። የፀሐይ ቅባቱ ቆዳቸውን እንዳያሳክክ ዝናብ እየጣለ ተቀብተው ቢሮ ይገባሉ። ባርኔጣ ሻጩን ከሰሜን ምሥራቅ በኩል የሚነፍስ ነፋስ የማይወስደው ባርኔጣ አምጣ ብለው ግማሽ ቀን አስለፍተውታል። የትኬት ቢሮዋ ልጅ እሳቸውን በመስኮት ስታይ የወደቀ ነገር እንደምትፈልግ ሆና ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ደሴቲቱን «ጣውንቴ» ነው የሚሏት። «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ብለው ቁርስ ያቀርቡላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ እንሳቅ። እኔም ስስቅ ነበር።

ነገሩ ቅር ያለኝ ሦስተኛውን ቀን ሲያነቡ ነው። «ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሰማያዊ አንሶላ ታሰጣለች፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይወድቃል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አታንሳው፣ አራት ነጥብ።»

«ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጡት? መጽሐፍ ላይ አለ?»

ደብተሩን ትኩር ብለው አዩት። «እንጃ» አሉ። «ስጽፈው ልክ ነበር።»

ባለፈው ዓመት የቢሮአችን ጸሐፊ አገባች። ለጫጉላ የት እንሂድ ብላ ስትጨነቅ ከረመችና በመጨረሻ ከጋሼ ደብተር ገልብጣ፣ «ከሳቸው የተሻለ ማን ያቅድልኛል!» ብላ ወደዚያችው ደሴት፣ ወደዚያው ማረፊያ ቤት ሄደች። ስትመለስ ስጦታም ወሬም ይዛ ትመጣለች ብለን ስንጠብቅ፣ ኮሪደር ላይ እጄን ያዘችኝ። ልጅቷ ቀልድ የማታውቅ ናት፤ ሲቀለድባት እንኳ ቆይታ ነው የሚገባት።

«ሰባት ቁጥር ክፍል ጋሼ የሚያርፉበት አይደል?» አለችኝ። «በበሩ ሳልፍ ውስጥ ሰው ያነባል። በኛ ቋንቋ። እዚያ አገር የኛን ቋንቋ የሚያውቅ ዝንብ እንኳ የለም። ነጠላ ሰረዝ ሲል ሰማሁት። አራት ነጥብ አለና ዝም አለ። የሆነ ሰው መልስ እንዲሰጠው ቆሞ የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው። ባሌን ጠርቼ አብረን ቆምን። አልቀጠለም።»

«ማረፊያ ቤቱን አልጠየቅሽም?»

«ጠየቅኩ፤ ባሌ ቋንቋቸውን ትንሽ ይሞክራል። ሴትዮዋ ምንም ሳይመስላት፣ ‹ደንበኛችን ናቸው፣ አሥር ዓመታቸው ነው፤ አያስቸግሩም› አለችኝ።» ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። ገመድ ላይ የተሰጣ ሰማያዊ አንሶላ ነበር። ከሥሩ፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ መቆንጠጫ ወድቋል።

ልስቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ወደ ክፍላችን ስመለስ ጋሼ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው እርሳሳቸውን ይቀርጻሉ።

ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ሳልከታተላቸው የዋልኩበት ቀን የለም። በክረምት፣ ፀሐይ ከጠፋች ሁለት ሳምንት ሲሆናት፣ አፍንጫቸው ተቃጥሎ ተልጦ አየሁ። መሳቢያቸው ውስጥ እርሳስ ልፈልግ ስገባ ጣቴን አሸዋ ነካው። ሲያነቡም ድምፃቸው ቀለል ብሎ፣ ከጎን ክፍል እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። አንዳንዴ «ይቀጥሉ» እላቸውና አይሰሙኝም። ሁለቴ ሦስቴ ስደግመው ብቻ ነቃ ብለው፣ «እ? አለህ እንዴ?» ይሉኛል። እኔ እኮ ሁሌም አለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ ራሳቸው ማተሚያ ቤት መጡ። ጋሼ ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነበሩ። እትዬ የባላቸው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ብለው መቀመጫውን በመዳፋቸው ዳሰሱና ቆመው ቀሩ።

«አሁን ነው የተነሳው?»

«አሁን ነው፣ እትዬ።»

«ቤትም እንዲሁ ነው» አሉ። «ሙሉ ቀን ተቀምጦ ይነሳል፣ ወንበሩ አይሞቅም። አልጋውም አይሞቅም። አጠገቤ ሰው ተኝቷል፣ ትንፋሹን እሰማለሁ፤ እጄን ስዘረጋ ግን የሚያርፈው ውርጭ ላይ ነው።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ልጄ፣ እኔ በቃኝ። ወይ ይሂድልኝ፣ ወይ ይምጣልኝ። እንዲህ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀርብኝ እንጂ እኔ ሌላ ምን ጠየቅኩ? በየዓመቱ ስህተት አለ ይለኛል። ያ ስህተት መቼ ነው የሚያልቀው?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ስህተቱን የማስገባው እኔ ነኛ!

እንግዲህ ይውጣልኝ። በየዓመቱ፣ ንባቡ ሊደረግ ሲል፣ ጋሼ ምሳ ሲወጡ ደብተሩን ጠረጴዛቸው ላይ ይተዉታል። እኔ ስድስተኛውን ቀን እከፍትና አንድ ነገር እነካካለሁ። ስምንት ሰዓት የነበረውን ዘጠኝ አደርገዋለሁ፤ ወደ ቀኝ የምትሄደውን ጀልባ ወደ ግራ አዞራታለሁ። ክፋት አልነበረም። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ጠዋት ስሜን የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አሥራ አራት ቀን ባዶ ጠረጴዛ እያየሁ መቀመጥ ፈራሁ። በየዓመቱም «ዘንድሮን ብቻ» እላለሁ። እሳቸው እዚያ ሰባት ቁጥር ክፍል ተቀምጠው «ይቀጥሉ» የሚላቸው ሲጠብቁ እንደኖሩ በምን ልወቅ?

ዘንድሮ ምሳ ሲወጡ ደብተሩን አልነካሁትም። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

ንባቡን ጀመርን። ስድስተኛው ቀን ሲደርስ ቀና ብለው አዩኝ። «ይቀጥሉ» አልኳቸው። ሰባተኛው አለፈ፣ ስምንተኛው አለፈ። በአሥር ዓመት ውስጥ ረግጠነው የማናውቀው ገጽ ላይ ደረስን። «አሥራ አራተኛ ቀን፣ ሁለት ነጥብ፣ ጠዋት ባሕር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከሰዓት በኋላ ሰባት ቁጥር ክፍል ገብቶ መቀመጥ፣ አራት ነጥብ።» ዝም አሉ።

«ይቀጥሉ።»

«አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? መመለሻው የታለ?»

ገጹን ገለበጡ። ባዶ ነው። መለስ አድርገው አዩት፣ እንደገና ገለበጡ። ነጠላ ሰረዝ ብትጠፋ ምሳ የማይወርድላቸው ሰው፣ የሚመለሱበትን ቀን አልጻፉም። እኛም ስድስተኛው ቀን ላይ እያቆምን እስከ መጨረሻው አንብበነው አናውቅም።

«አልታየኝም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዴት አልታየኝም? ያንተዎቹ ሁሉ ታይተውኝ።»

«የኔዎቹ?»

«ዘጠኝ ሰዓቷ። ግራ የዞረችው ጀልባ። ሰላሳ ዓመት አራሚ ሆኜ የእጅህን ጽሕፈት ላጣው ነው? አንተ ልጅ፣ እንዲያው ሞኝ አደረግከኝ!» ተቆጥተው መሰለኝ፤ ግን ዓይናቸው እየሳቀ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አትሂድብኝ የሚል ሰው ካለኝ ምን ያስቸኩለኛል ብዬ።»

አለቀስኩ። ምን አባቴ ላድርግ፣ አለቀስኩ። ከዚያ እርሳሴን አንስቼ ባዶው ገጽ ላይ፣ ደብቄ ሳይሆን ፊት ለፊታቸው፣ «አሥራ አምስተኛ ቀን፦ ወደ ቤት መመለስ።» ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብለው አነበቡት፣ አራት ነጥቡን ሳይቀር። «ታይቷል» ብዬ ስፈርም የምድር ቤቱ ማሽን ቀጥ አለ። ወለሉ ረጋ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ብሎ ሲቆም አየሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ማንም አልነካውም ብሎ ምሏል።

በሳምንቱ ሄዱ፤ እትዬም አብረው። «ጣውንቴን ዓይን ለዓይን ላያት ነው» ብለው።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ደወሉልኝ። «አየኋት! ምንም አትል፤ ውሃ ብቻ ናት!» ብለው ሳቁ። «እሱ ተኝቷል። ልጄ፣ ሞቋል! እንደ ድሮው ያንኮራፋል!» ሰባት ቁጥር ክፍልስ ውስጥ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስንገባ ማንም አልነበረም። ወንበሩ ብቻ ሞቆ ነበር» አሉኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደወልኩ፣ አይነሳም። በአሥራ ሦስተኛውም፣ በአሥራ አራተኛውም። ማረፊያ ቤቱ ስደውል ሴትዮዋ አነሳች፤ አንዳችን የሌላውን ቋንቋ አናውቅም። ዝም ስትል ግን ከኋላዋ ባሕሩ ይሰማኝ ነበር።

ዛሬ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ይህን የምጽፈው አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛ መውጫው በር ፊት ለፊት፣ ጉልበቴ ላይ ነው። ሰሌዳው አውሮፕላኑ ስምንት ሰዓት ላይ አርፏል ይላል። አሁን ዘጠኝ ሊሆን ነው። መጀመሪያ ሰው በግፊያ ወጣ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ አሁን በሩ የሚከፈተው ለጽዳት ሠራተኞች ነው። የበሩ ጥበቃ ብዙ ጊዜ ሲያየኝ ቆይቶ መጣ።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«አባቴን» አልኩት። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

ሰውዬው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚወጣው ሰው ሳያልቅ አልቀረም፣ ወንድሜ። ከዚያ የሚመጣው ሌላ በረራ ደግሞ ገና በሳምንቱ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ብቻ ነው ነገ ጠዋት ያለው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ለነገው ቦታ ይዣለሁ።»