የፊታውራሪው አውቶሞቢል ቀለም

አንድ ነገር ሲበላሽብን ከምክንያቱ ይልቅ ሰውዬውን መፈለግ ይቀናናል። ላሟ ወተት ከነሳች የጎረቤት ዓይን ነው፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ክዳኑን የሠራው ሰው ምቀኛ ነው። አትሳቁ፤ እናንተም ያው ናችሁ።

አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጨው እየቸረቸርኩ በምኖርበት ዘመን፣ ገዥያችን ፊታውራሪ ጥቁር አውቶሞቢል በባቡር አስመጡ። አስቀድመው ሕዝቡን አስወጥተው እስከ ወለንጪቲ መንገድ አስጠርገዋል፤ ጠጠርም አስነጥፈውበታል። አውቶሞቢሉ ሲያልፍ እልል አልን። ብዙም ሳይቆይ ከጎማዎቹ ኋላ ያለው ቀለም እዚህም እዚያም ተፈነቃቅሎ የፈንጣጣ ፊት መሰለ።

ፊታውራሪ ዞረው አዩት። «ማነው ድንጋይ የወረወረብኝ?» አሉ። በቃ፣ ምርመራው አለቀ። የቀረው ወንጀለኛው ብቻ ነው።

አውጫጭኝ ታዘዘ። ለማታውቁት፣ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይታጎራል፤ እየተነሣም ያየውን የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከብቱ ውሃ ሳይቀምስ ዋለ፣ አደረም።

ከሁላችን የቸኮለው ቱፋ ነበር። ቤቱ መንገዱ ዳር ነው፤ ሚስቱ በወባ ተኝታ ውሃ የሚያቀብላት እንኳ አልነበራትም። በማግስቱ አላስችል አለውና ተነሣ።

«ጎፍታ፣ ማንም አልወረወረም። አውቶሞቢሉ ሲሮጥ ጎማው ጠጠሩን እያነሣ ይረጫል። የኔንም በር እንዲሁ ቦጫጭሮታል፤ ይምጡና ይዩት።»

እኔ በሆዴ ተገላገልን አልኩ። ፊታውራሪ ግን ጢማቸውን እየደባበሱ፣ «ድንጋዩ ከየት እንደ ተነሣ፣ የት እንዳረፈ እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ከወርዋሪው በቀር ማን አለ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ደግሞም ሁሉም ቤቱ መግባት ይፈልጋል። «እውነት ነው» አሉ።

ቱፋ ታሰረ፤ እኛ ተፈታን። ሚስቱን ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት፤ ለቀብሯ እንኳ አለቀቁትም። ያን ቀን ያለቀስኩት ለእሷ ይሁን ለእሱ እስካሁን አልለየሁም።

ወሩ ሳያልቅ፣ ቱፋ በእግር ብረት እያለ፣ አውቶሞቢሉ ቀለሙ እንደገና ተላልጦ ከወለንጪቲ ተመለሰ። ሐዘናችን መሐል ደስ አለን። አሁንስ ንጹሕነቱ ተመሰከረለት ብለን ተያይዘን ፊታውራሪ ደጅ ሄድን። ፊታውራሪ አጎንብሰው አዲሱን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ቀና ብለው እያንዳንዳችንን አዩን።

«ለካስ ግብረ አበር አለው» አሉ።