የፊያክራ ክርን

[ከአየርላንድ ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ የደብሩ አዳራሽ። ቅዳሜ ከሰዓት፤ ውጭ ይዘንባል። በዱላ ኳስ እየመቱ ቀዳዳ የሚከቱበት የስኑከር ጠረጴዛ ጨርቁን ለብሶ ተኝቷል። ሁለት ሽማግሌዎች ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ቀና ብለው ያያሉ። ማላኪ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዲኒ ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ኑዋላ ትባላለች፤ እንግሊዝ አገር ሲጫወት በቴሌቪዥን የሚታየው ፊያክራ የልጁ ልጅ ነው።]

ዲኒ፦ እስቲ ትንሽ ድምፅ ስጠው፣ ማላኪ።

ማላኪ፦ አልሰጥም።

ዲኒ፦ ትንሽ ብቻ። ሰውየው የሚለውን እንስማ።

ማላኪ፦ ሰውየው ምን ያውቃል? እኔ እዚህ ተቀምጬልህ ሌላ አስረጂ ያምርሃል? ስኑከር በዝምታ ነው የሚታየው።

ዲኒ፦ አንተ እኮ ዝም አላልክም።

ማላኪ፦ እኔ እያስረዳሁህ ነው። ማስረዳት ሌላ፣ ማውራት ሌላ።

ዲኒ፦ እሺ። ሳንድዊች ትበላለህ? ኑዋላ ናት የሠራችው። እሷ ማየት ፈርታ ቤት፣ ወጥ ቤቷ ቀረች፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ትጸልያለች።

ማላኪ፦ ትጸልይ። ዛሬ ጸሎት ያስፈልገዋል። [ሳንድዊቹን ወሰደ።] በዙር እኩል ናቸው፤ ይሄ የመጨረሻው ነው። ይሄን ከተሸነፈ ከባለሙያዎቹ ተርታ ወጣ፤ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እናንተ ቤት። ዳቦ ቤት ላለው የወንድሜ ልጅ ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ ፊያክራ የዳቦ መኪናውን ይረከባል።

ዲኒ፦ ፊያክራ መንጃ ፈቃድ የለውም እኮ።

ማላኪ፦ ይኸው። ይሄን የሚያህል ጎረምሳ፣ መንጃ ፈቃድ የለውም። ዱላና ጠመኔ ይዞ አድጎ ምን ይኖረዋል?

ዲኒ፦ መነጽርህስ የታለ?

ማላኪ፦ ቤት። መነጽር ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ ከአቋቋሙ እለየዋለሁ። ያውልህ ቀዩ ፀጉሩ፣ እንደ ድሮው ከመንገድ ማዶ ይታያል። ሊመታ ነው። ክርኑን እይ።

ዲኒ፦ ፀጉሩን እኮ...

ማላኪ፦ ስለ ክርን ሳወራ ፀጉር አታምጣብኝ። ክርኑ በረረ፤ ዶሮ ስትባረር ክንፏን እንደምታደርገው። "ፊያክራ፣ ክርንህን ዝቅ" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። አየህ? ሳተ።

ዲኒ፦ አዎ፣ ሳተ። [ፈገግ አለ።]

ማላኪ፦ ምን ያስቅሃል? የልጅ ልጅህ እኮ ነው የሳተው።

ዲኒ፦ አይ፣ ማላኪ፣ እሱ እኮ...

ማላኪ፦ ጥብቅና አትቁምለት። እየው አሁን፣ ሄዶ ተቀመጠ። ያኛው ይጫወታል፣ የኛው ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። ይሄ ሥራ ነው? ለመቀመጥ ከሆነ እንግሊዝ ድረስ ምን አስኬደው? እዚህ አዳራሽ ወንበር ጠፍቶ ነው?

ዲኒ፦ የዚህ አዳራሽ ወንበር ይነቃነቃል።

ማላኪ፦ ቻይናስ? ቻይና ድረስ በረረ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፈ፣ በነጋታው ተመለሰ። ሻንጣውን እንኳን አልፈታውም።

ዲኒ፦ ፈትቶታል እንጂ። ለኑዋላ ማራገቢያ አመጣላት።

ማላኪ፦ ማራገቢያ። በዚህ ዝናብ። የአገሩ ወጣቶች ሻምፒዮን ሲሆን ሁላችሁም አበዳችሁ፤ ሥጋ ሻጩ ፎቶውን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። እኔ ያኔም ተናግሬያለሁ። ገና የወተት ሳጥን ላይ ቆሞ ይሄ ጠረጴዛ ላይ ሲንጠራራ "ይሄን ልጅ ከሳጥኑ አውርዱት፣ ወተቱም ከሱ ይሻላል" ያልኩት እኔ ነኝ።

ዲኒ፦ አስታውሳለሁ። እሱም ያስታውሳል።

ማላኪ፦ ያስታውስ። የደብሮቹን ዋንጫስ ያስታውሳል? ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀርታ፣ ዋንጫው እጃችን ሊገባ፣ ልጁ ቀና ብሎ "እጅጌዬ ኳስ ነክቷል፣ ጥፋት ነው" አለ። ዳኛው አላየ። ቄሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አላዩ። ዋንጫውን አንስቶ ለማዶዎቹ ሰጠልህ።

ዲኒ፦ ነክቶ ነበር እኮ።

ማላኪ፦ ማን ጠየቀው? ያን ቀን ነው ይሄ ልጅ የትም አይደርስም ያልኩት። ጅል ነው አልኩ፣ አለቀ።

ዲኒ፦ ያን ቀን እያለቀሰ ነው ቤት የገባው። ስለ ዋንጫው አይደለም። አንተ ስላልከው ነው።

ማላኪ፦ ይልቅ ተጫዋች ማየት ከፈለግህ ያንን መላጣውን እንግሊዛዊ እይ።

[ዲኒ ሳንድዊቹን አፉ አጠገብ አድርሶ አቆመው።]

ዲኒ፦ መላጣውን?

ማላኪ፦ መላጣውን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንግሊዛዊ ሳመሰግን አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣል። ግን እየው። ነጯን ኳስ እንደ በግ ነው የሚነዳት፤ ቁሚ ያላት ቦታ ትቆማለች።

ዲኒ፦ ማላኪ፣ መላጣው እኮ... [አፉ እንደተከፈተ ቆየ። ከዚያ ዘጋው።] መላጣው ምን አልክ?

ማላኪ፦ ክርኑ ዝቅ ያለ ነው አልኩ። እጁ አይንቀጠቀጥም።

ዲኒ፦ ይሄኛው ጆሮዬ ደከም ብሏል። እስቲ ድገመው።

ማላኪ፦ [ጮክ ብሎ] እጁ አይንቀጠቀጥም። እንዲህ ያለው ልጅ ቢኖረን ኖሮ እኔ ራሴ ነበርኩ ፎቶውን የምለጥፈው።

ዲኒ፦ የት?

ማላኪ፦ ምን የት?

ዲኒ፦ ፎቶውን። የት ትለጥፈው ነበር?

ማላኪ፦ የቤቴ በር ላይ። አንተ ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶሃል? ዝም ብለህ እይ።

[በቴሌቪዥኑ መላጣው ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ መታ። ኳሷ ገባች። እሱ ግን እጁን አነሣና ለዳኛው አንድ ነገር ነግሮ ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።]

ዲኒ፦ ምን ሆነ? ገብታለች እኮ።

ማላኪ፦ ቆይ። ደግመው እያሳዩ ነው። ዳኛው በዚያ በኩል ነበር፣ አላየም። ሰደርያው ኳስ ነክቶ ይሆናል፤ ራሱ ነው የተናገረው። [ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።] በመጨረሻው ዙር። ሊያሸንፍ ሲል።

ዲኒ፦ ታዲያ ይሄም ጅል ነዋ።

ማላኪ፦ ጅል? አፍህን ያዝ፣ ዲኒ። ይሄ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ዝም ብሎ ከመሬት አይበቅልም፤ ቁጭ ብሎ ያሳደገው አለ። ያንን አሳዳጊውን ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

[ዲኒ እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋለት። ማላኪ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል የሻይ ስኒውን አስያዘው።]

ማላኪ፦ ያዝ። ቀዝቅዟል። አሁን የኛው ጉድ ተነሣ። ኳሱ ተበትኖለታል፤ እናቴም ታስገባዋለች። እይ ክርኑን። እይ፣ እይ። በረረ።

ዲኒ፦ ሳተ?

ማላኪ፦ ሳተ። ሰው ታማኝ ሆኖ ዕድል ሰጠው፤ እሱ ዕድሉን በክርኑ ገፋው።

[መላጣው ተነሣ። ዲኒ የቀዘቀዘውን ስኒ በሁለት እጁ ይዟል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፤ ኳሶቹ ይገባሉ። በመጨረሻ መላጣው ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።]

ማላኪ፦ አለቀ። መላጣው አሸነፈ። [ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ ዲኒ ዞረ።] ታለቅሳለህ እንዴ? ተው እንጂ። የዳቦ መኪና ክፉ ሥራ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ይበላል። ውሃ ከመጠጣት ይሻላል።

[ጥቂት ቆይቶ የዲኒ ስልክ ጮኸ።]

ዲኒ፦ ሄሎ። አየሁህ፣ ልጄ። ሁሉንም አየሁ። ለአያትህ ደወልክላት? ደውልላት፣ ጉልበቷ አለቀ በጸሎት። አዎ፣ ማላኪ አጠገቤ ነው። ምን አለ? እጁ አይንቀጠቀጥም አለ። ፎቶውን የቤቴ በር ላይ እለጥፋለሁ አለ። ያሳደገውን ሰው እጅ ልጨብጥ አለ። አይ፣ አልሰከረም። ሻይ ብቻ ነው የጠጣው።

ማላኪ፦ ማን ነው?

ዲኒ፦ ፊያክራ።

ማላኪ፦ ታዲያ የመላጣው ወሬ ለሱ ምን ያደርግለታል? ቁስሉ ላይ ጨው ትነሰንሳለህ?

[ዲኒ ስልኩን ዘጋ። የራሱን መነጽር አውልቆ ማላኪ አፍንጫ ላይ አስቀመጠለት። ማላኪ ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ። የመላጣውን ፊት ደግመው በቅርበት ያሳያሉ።]

ማላኪ፦ አፍንጫው የኑዋላ ነው።

ዲኒ፦ የኑዋላ ነው።

ማላኪ፦ ፀጉሩስ?

ዲኒ፦ እንደኔ ከላይ እየሳሳ ሲሄድበት ላጨው። ባለ ቀይ ፀጉሩ ነው እንግሊዛዊው። ልነግርህ ጀምሬ ነበር።

ማላኪ፦ ታዲያ ለምን አልጨረስከውም? እንደ ሞኝ ስለፈልፍ ዝም ብለህ ትሰማኛለህ?

ዲኒ፦ ማመስገን ጀመርክ። የወተት ሳጥን ላይ ከቆመበት ቀን ጀምሮ አንዲት ጥሩ ቃል ካንተ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፣ ማላኪ። ዛሬ ስትመጣ እኔው ላቋርጣት?

[ዲኒ ስኒውን አስቀምጦ እጁን እንደገና ዘረጋ። ማላኪ እጁን አየው፤ ከዚያ ጨበጠው። ቶሎ አልለቀቀውም።]

ማላኪ፦ ለወንድሜ ልጅ ሌላ ሹፌር ፈልግ እለዋለሁ። ሆኖም ስለ ክርኑ ያልኩት አይቀየርም። ትንሽ ይበርራል።

ዲኒ፦ እሱ የእንግሊዛዊው ክርን ነው፣ ማላኪ።