ለክብሩ የሚመጥን አምፔር

ሌላው ሕዝብ ሰውን በዘሩ፣ በሀብቱ ወይም በትምህርቱ ይለካዋል። ይህ ኋላ ቀር አሠራር እኛ ዘንድ፣ በፍሪስላንድ ሐይቅ ዳር፣ ለበጋ ዕረፍት በመኪና ተጎትተው የሚመጡ ተጎታች ቤቶች በሚቆሙበት ሰፈር፣ ከቀረ ቆይቷል። እኛ ሰውን የምንለካው በአምፔር ነው። አምፔር ማለት፣ ላላወቀ፣ ደጅህ ከቆመው ምሰሶ በገመድ ወደ ተጎታች ቤትህ በአንድ ጊዜ እንዲገባ የተፈቀደልህ የኤሌክትሪክ ልክ ነው። ከልክህ በላይ ከሳብክ ብሬከሩ ይወርድና ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ ስለ ስግብግብነት ታስባለህ። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ዳኛ በአገራችን አይገኝም። ጉቦ አይበላም፣ ይግባኝም አይሰማም።

ጎረቤቴ ዊብረን ዕድሜውን ሙሉ በውሃ ቦዮች መሥሪያ ቤት ምክትል ተቆጣጣሪ ሆኖ አገልግሎ ጡረታ የወጣ የተከበረ ሰው ነው። ዋናው ተቆጣጣሪ ይሞታል ወይም ይለቃል ብሎ ሲጠብቅ፣ ዋናው ተቆጣጣሪ በጤናው ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያደርግ ስለነበር፣ እስከ መጨረሻው ምክትል እንደሆነ ቀረ። ይህች ነገር እንደ እሾህ ውስጡ ተሰክታ ትኖር ነበር። እሱና ሚስቱ ሂስከ በየበጋው ከእኛ አጠገብ፣ ውሃው ዳር፣ ባለ ስድስት አምፔር ቦታ ላይ ይሰፍራሉ። ሂስከ ከቁርስ በፊት ትዋኛለች። ዳክዬዎቹ በሯ ድረስ መጥተው ዳቦ ይቀበሏታል። ማንም ምንም አልጎደለበትም፤ ይህም ራሱ የኋላ ቀርነት ምልክት መሆኑን በኋላ ነው የተረዳነው።

ታዲያ አንድ ዓመት ዊብረን አዲስ ተጎታች ቤት ገዛ። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ሥራ አስኪያጅ ትሪንቸ፣ ከበስተኋላ በመኪናው መንገድ አጠገብ የነበረው የበጎች ማሰማሪያ ወደ ዘመናዊ ቦታ መለወጡንና እያንዳንዱ ምሰሶ አሥራ ስድስት አምፔር እንደሚሰጥ አስታወቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዊብረን እህል አልወርድለት አለ።

ሂስከ ነገሩን ያየችው በቀላሉ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚበራው ምንድን ነው? ፍሪጁ፣ አምፖሉ፣ ሬዲዮው፣ ሲበርድ ደግሞ ትንሿ ማሞቂያ። ማንቆርቆሪያው ሲሰካ ማሞቂያዋን መንቀል ነው፣ አለቀ።

«ሻይ እስኪፈላ ድረስ ብርድ የገደለው ሰው ሰምቼ አላውቅም» አለችው።

ዊብረን ግን ይህ የድሃ ሒሳብ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳት። ሥልጣኔ ማለት ሁለቱን አንድ ላይ ማብራት ነው፤ ከፍተኛ ሥልጣኔ ደግሞ አንዱንም ማጥፋት አለመቻል ነው።

ቢሮ ሄደ። ትሪንቸ፣ እንደ ደንቡ፣ የትኞቹን ዕቃዎች አንድ ላይ እንደሚያበራ ጠየቀችው። የሚበቃውን ልክ ደምራ ልትነግረው ነው።

«ያለኝን ዕቃ አትጠይቂኝ፣ ትሪንቸ» አላት ኮቱን እያስተካከለ። «የሚገባኝን ጠይቂኝ።»

ትሪንቸ በሰፋሪ ኪራይ ብዙ ዘመን የኖረች ሴት ናት። ቀና ብላ አየችውና፣ «ለእርስዎ ዓይነት ሰውማ ከአሥራ ስድስት በታች ብሰጥ እኔው አፍራለሁ» አለችው። ምርጫው በዚህ መልክ፣ በጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ ተጠናቀቀ።

የተዛወሩ ዕለት ዊብረን የሐይቁን ዳር ሰዎች ሰብስቦ ንግግር አደረገ። አብረን ያሳለፍነው ዘመን ምንም እንኳ የዝቅተኛ ኃይል ዘመን ቢሆን ከልቡ እንደማይጠፋ ገለጸ። ወደፊትም መጠያየቁን እንዳንቆርጥበት አደራ አለ። የሚሄድበት ቦታ ከእኛ ጋር ተጠራርቶ መሰማማት የሚቻልበት ነው፤ ቢሆንም ሁለት ሴቶች አለቀሱ። ሂስከ ግን አላለቀሰችም። ወንበሯን ተሸክማ ከኋላው ሄደች። ዳክዬዎቹ እስከ መንገዱ አፍ ድረስ ሸኝተዋት ተመለሱ።

አዲሱ ሰፈር ከፊት ለፊቱ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የጭነት መኪና፣ ከመኪናው ወዲያ ደግሞ ለእርሻው ፋንድያ የሚበትን ገበሬ ነበረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉ ምቀኞች አልጠፉም። እኔ ግን የሐይቅን ያህል ሰው የሚያዘናጋ ነገር ስለሌለ፣ ለቁም ነገረኛ ሰው አጥር ይሻላል ባይ ነኝ።

ችግሩ የመጣው ከወዲያኛው ጎረቤት፣ ከጡረተኛው የጥርስ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ቢራውን ይዞ መጣና ምሰሶው ላይ ያለችውን ቁጥር ጎንበስ ብሎ አየ። ቁጥሯ በዚያች ደቂቃ ስንት አምፔር እየተሳበ እንደሆነ ታሳያለች። ሁለት ትላለች። ሐኪሙ የበሰበሰ ጥርስ እንዳየ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ለዊብረን የዚያን ዕለት ገባው። አሥራ አራት አምፔር ምሰሶው ላይ ቁጭ ብሎ ሳይነካ ሲውል፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ ለአምፔሩ የሚመጥን ዕቃ ፍለጋ ተያዘ። አየር ማቀዝቀዣ መጣ። የኤሌክትሪክ መጥበሻ መጣ። የውሃ ማሞቂያ በርሜል፣ እግር የሚያሞቅ ምንጣፍ፣ በረዶ የሚሠራ ማሽን መጡ። ማሽኑ ማረፊያ ስላጣ የጋዝ ምድጃው ተነቅሎ ተጣለ፤ ጋዝ ያለፈው ሥርዓት ርዝራዥ ነበርና። በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ ለሰው የሚሆን ቦታ ጠፋ። ሂስከ በሩ ላይ ቆማ ውስጡን አየችና በዝግታ ጠየቀችው፦

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን የት ልትሰካኝ ነው?»

ዊብረን ይህን እንደ ቀልድ ወሰደው። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እኛ ዘንድ ሐይቁ ዳር እየመጣች በጋዝ የፈላ ሻይ ትጠጣ ጀመር። ስለ ባሏ ክፉ አትናገርም። ውሃውን እያየች ትቀመጣለች።

ከዚያ የሐምሌ ሙቀት መጣ፤ ሐምሌ በእኛ አገር ዋናው በጋ ነው። አስፋልቱ ከጫማ ጋር የሚጣበቅበት ቀን ነበር። ዊብረን የምታይበት ቀን ዛሬ ነው ብሎ ያለውን ሁሉ አበራ፤ እግር ማሞቂያው ምንጣፍ እንኳ አልቀረም። ከዚያ ምሰሶው አጠገብ፣ ሰንደቅ ዓላማ እንደሚሰቀልለት ሰው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁጥሯ ወጣች፣ ወጣች፣ አሥራ ስድስት ላይ ደረሰች። ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ያዩ አሉ። ሐኪሙ ይህን ሲያይ ሮጦ ገብቶ የራሱን ሁሉ አበራ። ከሐኪሙ ቀጥሎ ያለውም የሐኪሙ ባሪያ አይደለምና አበራ። ወዲያው ከቢሮው በኩል የፍንዳታ ድምፅ ተሰማና ሰፈሩ በሙሉ፣ ስድስቱም አሥራ ስድስቱም ሳይለይ፣ ጠፋ።

የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዋናው ገመድ መቃጠሉን ተናገረ። ገመዱ ድሮ የተዘረጋ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ ስድስት አምፔር የመውሰድ መብት ተሰጥቷል፤ መብቱ ግን የሚሠራው ሰዎች እስካልተጠቀሙበት ድረስ ብቻ ነው። ትሪንቸ በበኩሏ ይህ በየትኛውም የሠለጠነ አገር ያለ አሠራር ነው ስትል አስተባበለች።

ገመዱ እስኪቀየር ቀናት ወሰደ። እኛ በጋዛችን አበሰልን። የዊብረን ዓሣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሸተተ፣ በረዶው ምንጣፉ ላይ ቀለጠ፣ ማብሰያም ማሞቂያም አጡ። ሂስከ ከአልጋው ሥር የወጣትነታቸውን ድንኳን ጎትታ አወጣች።

«አምፔርህን አልነካብህም» አለችው። «እኔ ግን ውሃው ዳር ነኝ። ስትፈልገኝ ታገኘኛለህ።»

የድሮው ቦታቸው ገና ሰው አልገባበትም ነበር። ድንኳኗን ብቻዋን ተከለች። ብታግዙኝ ደስ ይለኛል አላለችም፤ እኛም አልደፈርንም። በማግሥቱ ጠዋት ስትዋኝ አየናት።

ዊብረን አንድ ቀን ተኩል ታገሠ። ከዚያ ወንበሩን ተሸክሞ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ ቀስ እያለ መጣ። አጠገቧ ተቀመጠ። ሂስከ ከእኛ ምድጃ ሻይ ቀድታ ሰጠችው።  እኔና ባለቤቴ ይህ የንስሐ ሰዓት ነው ብለን ፊታችንን አዞርን። ሰውዬው ያሳዝን ነበር፣ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምናገረው።

ብዙ ከቆየ በኋላ ድንኳኑን አየና፣ «እዚህ ስንት አምፔር ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም።»

«ምንም ማለት፣ ዜሮ?»

«ዜሮ።»

 ወደ እኛ ምሰሶ አየ፣ ወደ ሌሎቹም አየ። ከዚያ፣ «በዚህ ሰፈር ሌላ ዜሮ ያለው ሰው አለ?» አለ። ሂስከ ዓይኗን ጨፈነች።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም። በጋው ሳያልቅ ተጎታች ቤቱ ተሸጠ። ዊብረን በየበሩ እየዞረ፣ በስድስት አምፔር ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ሰው ነፃ ነኝ ሊል እንደማይችል ያስተምር ጀመር። ገመድ ያለው ቤት ሲያይ ፊቱ ላይ የሐዘን ጥላ ያልፋል። መጀመሪያ ሳቅንበት። ከዚያ ሐኪሙ መጣና ዜሮ እንዴት እንደሚገኝ በጆሮው ጠየቀው። ከሐኪሙ በኋላ ሌሎችም መጡ።

ትሪንቸም ዘመኑን ሰማች። የሐይቁ ዳር በሙሉ «ንጹሕ ዜሮ» እንዲባል፣ ምሰሶዎቹም እንዲነቀሉ ወሰነች። ኪራዩ ከአሥራ ስድስቱ በላይ ሆነ። ምክንያቱን ስንጠይቃት፣ ኤሌክትሪክ መስጠት ማንም ያውቅበታል፣ አለመስጠት ግን የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃል አለችን። ስድስት አምፔራችንን መተው ያልቻልን እኔና ባለቤቴ ከአጥሩ ሥር ተዛወርን፤ ዊብረንም በመንገድ ሲያልፍ እንደ ሱሰኛ እያየን ራሱን ይነቀንቃል።

አሁን መስከረም ገብቶ ከሐይቁ ቀዝቃዛ ንፋስ ይመጣል። ሂስከ ትናንት መጥታ እርጥብ ካልሲዋን ማሞቂያችን ላይ ሰቀለችና እጇን እያሸች ወሬ ነገረችን። ዜሮው ላይ ሰው ስለበዛ ዊብረን ቅር ብሎታል። ሐኪሙ እንኳ ዜሮ ላይ ነው። ስለዚህ ቢሮ ሄዶ ከዜሮ በታች ያለው ቦታ መቼ እንደሚከፈት ጠይቋል።

«ትሪንቸ ምን አለችው?» አልኳት።

«ዋጋውን እያሰብኩበት ነው አለችው።»