ባለ ካባው የማን ልጅ ነው?

እናንተ፣ ሰው በፊልም ይጣላል? ያውም ሚዜነት እስከ መተው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። እዚህ ጅጅጋ በርበሬና ሽሮ ስሸጥ ያላየሁት ጉድ የለም፤ እንዲህ ያለውን ግን ገና መጀመሪያዬ ነው።

በረንዳችን ላይ ሦስት ሱቅ ነን። በቀኜ ማሃድ አለ፤ ስልክ ይጠግናል፣ ፊልምና ዘፈንም ይጭናል። በግራዬ ተስፋዬ አለ፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። አባቱ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ ስለቀሩ፣ ሶማሊኛውን እንደ ማሃድ ያንበለብለዋል። እኔ የኮምቦልቻዋ መሃል ላይ ተወሽቄ የሁለቱንም ወሬ በነፃ እሰማለሁ።

እንዴት እንደሚዋደዱ ልንገራችሁ። በሁዳዴ የማሃድ እናት ለተስፋዬ ብለው የምስር ሳምቡሳ ለብቻው ይጠብሳሉ። በረመዳን ደግሞ ተስፋዬ ምሳውን በረንዳ ላይ አይቀምስም፤ የኔ ጓዳ ገብቶ ነው ቶሎ ቶሎ የሚጎርሰው። ጾመኛ ፊት እንዴት እበላለሁ ይላል። ወንድምስ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ሰይጣን መቼም አይተኛም። በባለ ካባው በኩል መጣ።

ባለ ካባው ያ የሚበረው የፊልም ጀግና ነው። የፈረንጅ ስሙ አፌ ላይ አልገባ ስላለኝ እንዲሁ ነው የምጠራው። በየጊዜው አዲስ ተዋናይ ካባውን ያጠልቅና ፊልሙ እንደገና ይሠራል። የማሃድ ባለ ካባ የአሁኑ ነው። አይስቅም፣ አያወራም፣ ፊልሙ ውስጥ ሁሌ ይዘንባል። ያን ዝናብ ጅጅጋ ብታገኘው የት በደረስን! የተስፋዬ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረው ነው። እየበረረ ይቀልዳል፤ ሌባውን አየር ላይ አንጠልጥሎ እንኳ ያሾፋል። «እውነተኛው የኔ ነው፣ ያንተ አይቆጠርም» ይባባላሉ። ከሁለቱም የሚቀድም አንድ አሮጌ ፊልም አለ፤ እሱን ሁለቱም ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። ኋላ ማሃድ የተስፋዬን ፊልም ለደንበኛ አልጭንም አለ። አንድ ወታደር ለመንገድ የሚያየው ፈልጎ ያንን ጫንልኝ ቢለው፣ ወንድሜ፣ እኔ አርቲፊሻል ዕቃ አልሸጥም ብሎ መለሰው። አርቲፊሻል! የሚሸጠውን ቻርጀር የማያውቅ ይስማው። ተስፋዬም አላነሰ። አንድ መምህር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አዲሱ ይሻላል ብሎ ቢሳሳት፣ ተስፋዬ ቶንዶሱን አጥፍቶ ያስረዳው ጀመር። ማስረዳቱ ሳያልቅ መብራት ሄደ። ምስኪኑ መምህር በአንድ ጎኑ ብቻ ተቆርጦ ሊያስተምር ገባ።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። አንድ ቀን ማሃድ አፉ አመለጠውና፣ «ያንተ ሰውዬ ጀግና አይደለም፣ የሰርግ አጫዋች ነው» አለው።

ተስፋዬ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንግዲያው ለሰርግህ የማይስቅ ሚዜ ፈልግ» ብሎት ገባ።

አያችሁ ነገሩን? ማሃድ ሊያገባ ነው። ሙሽሪት የቱሊ ጉሌድ ከተማ ልጅ ናት፣ ሰርጉ ደርሷል፣ ሚዜው ደግሞ ተስፋዬ ነው። ልብሳቸውን እንኳ አብረው ነው ያሰፉት። አንዱን ስለምነው መጀመሪያ እሱ ይቅርታ ይጠይቅ ይለኛል፤ ሌላውም እንደዚያው። ማሃድ የሰው ስልክ ፈትቶ፣ ብሎኑን ይዞ ፈዝዞ ይቀራል። ተስፋዬ ሙዚቃ መክፈት ተወ። በረንዳው እንደ ሐዘን ቤት ሆነብኝ።

እግዜር ሲያመጣው የማሃድ አጎት ለሰርጉ ከጉናጋዶ መጡ። አደር ሀሰን ነው የምንላቸው፤ «አደር» በሶማሊኛ አጎት ነው፣ እዚህ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራል። በውሃ ጉድጓድና በግመል የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በፊልም ተጣልተዋል ብዬ ልነግራቸው አፍሬ ነበር። «ተናገሪ፣ አባዮ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። ተናገርኩ። አልሳቁም! በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ትልቅ ሰው ብዬ የማደንቀው እንዲህ ያለውን ነው፤ የሰው ጠብ ትንሽ ነው ብሎ አይንቅም።

ሁለቱን ፀጉር ቤቱ ውስጥ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ይህ ባለ ካባ የማን ልጅ ነው?»

አትሳቁ። እዚህ አገር ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል። ማሃድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የኔው አባቱ በእሳት የሞተ ሐኪም ነው አለ። ተስፋዬ፣ የለም፣ አባቱ መካኒክ ነው፣ በሕይወትም አለ አለ። አያቱስ ቢባሉ ሁለቱም ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

«አያቱን ለማታውቁት ሰው ነው የምትጣሉት?» አሉ አደር ሀሰን። ቢሆንም ሳያዩ እንደማይፈርዱ ተናገሩና ፊልሞቹ ይቅረቡ አሉ።

የሚገርመው፣ የማሃድን ፊልም ተስፋዬ፣ የተስፋዬን ማሃድ እንዲተረጉምላቸው አዘዙ። ማሃድ ቀልዱን እየተረጎመ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ተስፋዬም አባትየው የሚሞትበት ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ። ግን ማን ይመን! ፊልሙ አልቆም እንደተኳረፉ ናቸው።

«ሦስተኛውስ?» አሉ አደር ሀሰን።

«እሱ አይቆጠርም፣ አደር። አሮጌ ነው» አለ ማሃድ። ይሄ ልጅ ምን ነካው? ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል?

«ታላቅ ሳይጠየቅ ለታናሽ አልፈርድም።»

አሮጌው ተከፈተ። ካባው የመጋረጃ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ሲበር ደግሞ ያንጠለጠሉበት ሽቦ ከወገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አደር ሀሰን ግን ከወንበሩ ቀና አሉ፤ እስኪያልቅ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«እውነተኛው ይሄ ነው» ብለው ፈረዱ።

«እንዴት?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ሽቦውን አላያችሁም? ያንተ ብቻውን ይበራል፣ ያንተም ብቻውን ይበራል። ብቻውን የቆመ ጀግና እኔ አይቼ አላውቅም። ይሄ የያዘው ወገን አለው። ቢወድቅ የሚያነሳው አለው። ዘመድ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

«አደር፣ እሱ እኮ የሠሪዎቹ ስህተት ነው! መታየት አልነበረበትም!» ብሎ ተስፋዬ ብድግ አለ። ማሃድ ተከተለው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርስለታል። ማሃድ የተስፋዬን ፊልም ጠቅሶ ይሟገታል፣ ተስፋዬ የማሃድን። «ወንድሜ ያሳየዎትን ፊልም ይመልከቱ እንጂ፣ የቱ ላይ ሽቦ ታይቷል?» ይላሉ። ሽማግሌው ወይ ፍንክች! የመግሪብ አዛን ሲሰማ ለሶላት ተነሱ። ሁለቱ ደግሞ ትከሻ ተቃቅፈው ሻሂ ቤት ገቡ፣ ለነገው ክርክር ሊመካከሩ። ይቅርታ የጠየቀ የለም። ማን ጊዜ አለው?

ተስፋዬ ሚዜ ሆነ። እኔም መኪናው ውስጥ ከኋላቸው ተቀምጬ ቱሊ ጉሌድ ሄድኩ፤ ሙሽራና ሚዜ መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለ ሽቦው ነው። ስለ ሙሽሪት አንድ ቃል እንኳ አልሰማሁም። ከበሮው ሲመታ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው ግን አላስቻለኝም፤ አለቀስኩ።

ወደ አደር ሀሰን ተጠጋሁና ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳቸው። «አደር፣ ጥበብዎ ይገርማል! በሽቦው አሳብበው አስታረቋቸው አይደል?» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «የምን ማስታረቅ ነው፣ አባዮ? እነዚህ ልጆች እውነተኛው ባለ ሽቦው መሆኑን መች አመኑ! ሰርጉ ይለፍ እንጂ እመለስባቸዋለሁ።»

አስታራቂ ብልህ መሆን አለበት ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ግን በልቤ፣ አደራችሁን ልጆች፣ መቼም መቼም እንዳታምኑላቸው አልኩ።