ሽማግሌ የተላከባት ነርስ

ሰበታ ውስጥ ነርስ የወለደ አባት የሰፈሩን በሽታ ሁሉ የሚያውቅ ይመስላችኋል? የእኔዋ ልጅ ጎረቤታችንን ምን እንዳመመው አልናገርም ብላ ሰፈሩን አስቀየመች። ታዲያ ምን ይደረግ? ሽማግሌ ተላከባታ! እኔም አባቷ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰለፍኩ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ የምንጠይቅሽ ልንጸልይለት ነው» አሉ ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ።

«አባቶቼ፣ ታማሚው ሳይፈቅድ ከተናገርኩ በሕግ እጠየቃለሁ።»

«እኔ አባትሽ ብጠይቅሽስ?» አልኩ።

«አንተም ብትሆን፣ አባዬ።»

ሽምግልናው ፈረሰ። ስሸኛቸው ኦቦ ገመቹ ወደ አጥሩ ጥግ ሳቡኝና፣ «ነገ እሷ ጋ ሄጄ እታከማለሁ። ምን እንዳመመኝ ግን እንዳትጠይቃት» ብለው አንሾካሾኩልኝ።

«ብጠይቃትስ መች ትነግረኛለች!» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።