ከጎን ወንበር የሚነዱት እትዬ

በዓለም ላይ ካሉት ሾፌሮች የሚበዙት መሪ ጨብጠው አያውቁም። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ መኪና የላቸውም፣ ነዳጅ በየት በኩል እንደሚቀዳ ብትጠይቋቸው ኮፈኑን ያሳዩዋችኋል። የሚነዱት ግን ያለ ዕረፍት ነው። መሪ ከያዘው ምስኪን ጎን ቁጭ ብለው፣ ቀበቶ አጥብቀው፣ በአፋቸው ይነዳሉ። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም። እኔ የለኝም የምትል አንባቢ ካለህ ምናልባት ሰውየው አንተው ነህ።

የእኔዋ የባለቤቴ አክስት ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ፊት ለፊት እትዬ፣ በሌሉበት ደግሞ ኮማንደር ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ክፍል ጫፍና ጫፉ ያልገጠመ አንሶላ ተፈትቶ እንደገና ይታጠፋል፤ ይግባኝ የለም። እትዬ ጡረታ ሲወጡ ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ወደ አስፋልት ወረዱ።

ስለ መኪና ብዙ ነገር ችለው ያልፋሉ። ፍጥነት ቢጨመር በረጅሙ ይተነፍሳሉ እንጂ አይናገሩም። ሬዲዮ ቢጮህ እጃቸውን ልከው ዝም ያሰኙታል፤ በቃ። የማይታገሱት አንድ ነገር ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ዞሮ መመለስን፣ ወጣቶቹ ዩ ተርን የሚሉትን። በእሳቸው እምነት ሰው የተፈጠረው ወደፊት እንዲሄድ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ ካማረው ግን በወግ በማዕረግ ይመለስ። የሰው አስተዳደጉ ሲዞር ይታወቃል የሚሉት ነገርም አላቸው። እንግዳ ሰው ሲተዋወቁ እንዴት እንደሚዞር ሳያዩ አስተያየት አይሰጡም።

መኪና ውስጥ አገባባቸው ራሱ ሥርዓት አለው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጉና በሁለት እጃቸው ይይዙታል። ቀጥሎ የመሀሉን መስታወት ወደ ራሳቸው ያዞሩታል። ታዲያ እኔ ከኋላ የሚመጣውን በምን ልየው ብዬ አቤት ስል እኔ እነግርሃለሁ ይላሉ፤ ይነግሩኛልም፣ ከሚመጣው በላይ። ቀኝ እግራቸው ደግሞ የግሉ ፍሬን አለው። ከፊታችን መኪና ባየ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል፤ ከእግራቸው ሥር ያለው ምንጣፍ ከእኔ ፍሬን ሸራ ቀድሞ አልቋል።

መዞሪያ ሲቃረብ ድምፃቸው ይለወጣል፤ አዋጅ የሚነበብ ይመስላችኋል። ምልክቱን አየኸው? ክልክል ነው ይላል ወይስ አይልም? የመሀሉ መስመር ድፍን ነው ወይስ የተቆራረጠ? ፍሬቻ አብራ፤ አሁን ሳይሆን ቅድም። ግራህን ያዝ። ኩርባ ላይ አይዞርም፣ የዳገት ጫፍ ላይ አይዞርም፣ የሚመጣው ካላየህ አንተም እሱን ካላየኸው አይዞርም። ዜብራው ላይ እግረኛ ካለ እስኪሻገር ይጠበቃል፤ ከተሻገረም በኋላ የረሳው ነገር ትዝ ብሎት እንዳይመለስ ጥቂት ይታያል። አዋጁ የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ተረት ነው። "ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይባላል። ፍሬቻ ሳያበራ የዞረ ግን በአቋራጭ ከመሬት ነው።"

አንድ ቀን የተሳፈሩበት ታክሲ ድፍኑን መስመር ረግጦ ሊዞር ሲል እዚሁ አውርደኝ አሉ። ሾፌሩ ለምን እርስዎ አይነዱትም እማማ ብሎ አሾፈባቸው። እትዬ አልተቀየሙም። መንዳት የእሱ ሥራ መሆኑን፣ እሳቸው የሚያሳዩት እንዴት እንደሚነዳ ብቻ መሆኑን ረጋ ብለው አስረዱት። ሰውየው ምን ይበል፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ በተፈቀደው ቦታ ዞረ። አሁን አሁን መንገድ ላይ ሲያያቸው ከሩቁ ፍሬቻ ያበራላቸዋል።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ሰርግማ ተረት ሆኖ ቀርቷል። እትዬ የተቀመጡት የሙሽሮቹ መኪና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ነበር፤ ማን እዚያ እንዳስቀመጣቸው ተጣርቶ አልተገኘም። አጃቢው ሁሉ ክላክሱን እያንባረቀ መስቀለኛው ጋ ሲደርስ፣ ሾፌሩ አዳራሹን ከመንገዱ ማዶ አየና መሪውን ወደ ግራ ሊጠመዝዝ ቃጣ። ምልክቱ ደግሞ እዚህ ዞሮ መመለስ ክልክል ነው ይላል። እትዬ እጃቸውን አነሱና ሙሽራን የማይመለከት የትራፊክ ሕግ ካለ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። የሚያነብ ጠፋ። ሰልፉ በሙሉ እስከሚቀጥለው አደባባይ ሄዶ ተመለሰ። አዳራሹ በር ላይ የቆመው እንግዳ ሙሽሮቹ ከማዶ እጃቸውን እያውለበለቡ ሲያልፉ አይቶ ሰርጉ ቀረ እንዴ ተባባለ። የሙሽራው አባት እትዬን በቅጡ ሰላም ማለት የጀመሩት የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ከተወለደ ወዲህ ነው።

እኔም ብሆን እትዬን የማድረስ ተራ ሲደርሰኝ ጉንፋን ቢጤ ይጀማምረኝ ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች፤ ሻይ በሎሚ አፍልታ ትሰጠኝና ቁልፉን ታቀብለኛለች።

ነገሩ የተለወጠው የእኔው መኪና የተመታ ጊዜ ነው። ከቤታችን ብዙም በማይርቅ አንድ ሰፊ መስቀለኛ ላይ፣ ፍሬቻ አብርቼ ለመዞር ተራዬን ቆሜ ስጠብቅ፣ አንድ ፒክአፕ ከኋላ መጥቶ ገፍቶ ማዶኛው መስመር ላይ ጣለኝ። ደግነቱ ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም፤ ማንም አልተጎዳም። መኪናዋም ጋራዥ ገብታ ተጠግና ወጣች። ሳይጠገን የቀረሁት እኔ ነኝ። ያ መስቀለኛ ጋ ስደርስ እጄ መሪው ላይ ይደርቃል፣ መዞሩን ትቼ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ በኋላ እግሯን የምታለማምድበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚገኘው፣ ዕጣ ፈንታ ቀልድ ሲያምረው፣ ከዚያው መስቀለኛ ማዶ በግራ በኩል ነው። መንገዱን ለሁለት የሚከፍለው አጥር አያልቅም። የመስቀለኛው ዜብራ ደግሞ በክራንች ለሚሄድ ሰው አይሞከርም፤ ረጅም ነው። የእግረኛው ድልድይ ደረጃ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ደረጃ አትወጣም። እዚያ መስቀለኛ ላይ መዞር ነው፤ አለዚያ ከተማው ጫፍ ካለው አደባባይ ደርሶ መመለስ። እኔ አደባባዩን መረጥሁ። በመንገድ መጨናነቅ በየቀጠሮው እየዘገየን ተራችን ለሌላ ሰው ይሰጥ ጀመር። አንድ ቀን ባለሙያዋ ለብቻዬ ጠርታ ጉልበቱ በእነዚህ ወራት ውስጥ ካልተፍታታ እንዲሁ ደርቆ ሊቀር እንደሚችል፣ ሚስቴም እንደ በፊቱ ላትራመድ እንደምትችል ነገረችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ አይዞህ ትለኛለች። ታማሚዋ እሷ፣ አጽናኟም እሷ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሚስቴን ደግፌ ከቤት ስወጣ እትዬ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቀበቶው ታስሯል፣ ቦርሳው ጭናቸው ላይ ነው፣ መስታወቱም ዞሯል። ምነው ስላቸው ብዙም አላብራሩም፤ ልሸኛችሁ ነው አሉ። ጉንፋኔ ሊጀማምረኝ ነበር፤ ግን ጊዜ አልነበረም።

መስቀለኛው ጋ ስንደርስ ግራውን ያዝሁና ቆምሁ። መብራቱ ለመዞር ፈቀደ፤ እኔ ደረቅሁ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። እትዬ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

"ክላክስ ትእዛዝ አይደለም። የቸኮለ ሰው ትናንት ይነሳ።"

እጄ ግን እንቢ አለ። መብራቱ አለፈብኝ፤ በሚቀጥለው መብራት ቀኙን አይቼ ወደ ቀጥታው መስመር ገባሁና ሄድሁ። ስድቡን እየጠበቅሁ ትከሻዬን ሰብሰብ አደረግሁ። እትዬ የተናገሩት ሌላ ነበር፤ መዞሪያ እንደ ዘመድ አያኮርፍም፣ ዛሬ ቢያልፈን ነገም አለ። ዘግይተን ስንደርስ ደግሞ እኔን ቀድመው ወደ ባለሙያዋ ገቡና ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን፣ የቤት ቁልፍ ረስተው እንዳስመለሱን ነገሯት። እትዬ በሕይወታቸው ቁልፍ ረስተው አያውቁም። ባለሙያዋም ለአሮጊቷ አዝና ተራችንን መለሰችልን።

እንዲህ ሰነበትን። በየቀጠሮው ኮማንደር ቀድመው ወንበራቸውን ይይዛሉ፣ በየቀጠሮው አዋጁ ይነበባል፣ እኔም በየቀጠሮው ጥቂት ጥቂት እየደፈርሁ መጨረሻ ላይ እተወዋለሁ። በየቀጠሮውም እትዬ ባለሙያዋ ጋ ገብተው አዲስ ጥፋት በራሳቸው ላይ ያላክካሉ፤ መነጽር ጠፋብኝ፣ ጫማ ጠበበኝ፣ ወገቤን ያዘኝ። ያቺ ባለሙያ ከባለቤቴ ይልቅ እትዬን አልጋ ላይ ለማስተኛት የቃጣችበት ቀን ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳላስበው እየተለወጠ ነበር። ሰው ሲፈራ ጭንቅላቱ ባዶ ይሆናል፤ ምን እንደሚቀድም፣ ምን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ያ ሁሉ ጊዜ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ የኖረው የእትዬ አዋጅ ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ እየተነሳ ቀጥሎ የሚደረገውን ይነግረኝ ጀመር። ምልክቱን እይ፤ አየሁ። ፍሬቻ፤ በራ። ግራህን፤ ያዝሁ። ዜብራው፤ ባዶ ነው። የሰለቸኝ ነገር የምይዘው መደገፊያ ሆነልኝ።

እናም አንድ ቀን፣ እንደሌላው ቀን ያለ ቀን ነው፣ መብራቱ ሲፈቅድልኝ መሪው በእጄ ዞረ። መሀል መንገድ ላይ ስደርስ ከፊት ሲመጡ የነበሩት መኪኖች በእርግጥ መቆማቸውን ለማየት ወደ ቀኝ፣ በእትዬ መስኮት በኩል ተመለከትሁ። መኪኖቹ ቆመዋል። ከመኪኖቹ በፊት ግን ያየሁት እትዬን ነው። ሁለት ዓይናቸውን ግጥም አድርገው ጨፍነዋል። ቦርሳቸውን ጨምድደው ይዘዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

ዞሬ ጨረስሁ። ቀኜን ይዤ ከሕክምናው በር ላይ አቆምሁ። ከመደሰቴ በፊት ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

"እትዬ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር እንዴ?"

"ብጨፍንስ?"

"እኔ እኮ እያዩልኝ መስሎኝ ነው።"

"አንተ እያየህ አይደል? ሁለታችንም መንገድ ካየን ማን ሊጸልይ ነው?"

ይህን ብለው፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው፣ ተራ ሊይዙልን ወርደው ሄዱ። በጊዜ መድረሳችንን ለባለሙያዋ የሚያስረዱበት ሰበብ ሳይጨንቃቸው አልቀረም።

ባለቤቴ ከኋላ ስትስቅ ሰማኋት። አሁን ነው ያየኸው አለችኝ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ እትዬ መኪና ይፈራሉ። በተለይ ሲዞር ማየት አይችሉም። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ሕግ፣ ፍርሃታቸውን በጩኸት እንዳያወጡት የሚይዙበት ገመድ ነው። ሆቴል ይሠሩ በነበረ ጊዜ እንኳ አውቶቡሱን ትተው በእግራቸው ነበር የሚመላለሱት።

"ታዲያ በየቀጠሮው እዚህ ፊት ለፊት ምን አስቀመጣቸው?" አልኋት።

"ብቻህን እንዳትፈራ ነዋ።"

ያቺ ሴትዮ በየሳምንቱ እኔ የምፈራውን መስቀለኛ ከእኔ ብሰው እየፈሩ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ቀበቶ አስረው ሲጠብቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጉንፋን ሲያምረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎልኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ መዞሩ አልከበደኝም፤ ወይም ቢከብደኝም ዞርሁ። ተራችን አልተወሰደብንም። ባለቤቴ መጀመሪያ ክራንቹን፣ ቀጥሎ ከዘራውን ጣለች፤ አሁን ያንኑ ደረጃ የበዛበትን ድልድይ በእግሯ ወጥታ ወርዳ ሥራዋ ትሄዳለች። ከላይ ሆና ቁልቁል ስታየን እጇን ታውለበልብልናለች።

ስታየን የምለው እኔንና እትዬን ነው። ቀጠሮ ካለቀ ቆየ፤ እኔ ግን ጉዳይ ኖረኝም አልኖረኝም እየሄድሁ እወስዳቸዋለሁ። መብራት እንክፈል፣ መነጽርዎን እናሳይ፣ እህትዎን እንጠይቅ እላለሁ። መንገዱ ላይ የሚነዱት አሁንም እሳቸው ናቸው፤ መስታወቱም የእሳቸው ነው። መዞሪያው ላይ ስንደርስ ግን ዝም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የማወራው እኔ እሆናለሁ። ቆሜያለሁ እትዬ። አውቶቡሱ እያለፈ ነው። አንድ ሽማግሌ ዜብራው ላይ አሉ፣ እየጠበቅናቸው ነው። ተሻገሩ። አሁን ባዶ ነው፣ ቀስ ብዬ እየዞርሁ ነው።

መኪናው ሲቃና ዞረናል እላቸዋለሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ገና ሳይገልጡ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ ይላሉ። እኔ ልላቸው የሚገባኝን እንኳ ቀድመው ይወስዱብኛል።