ኮፈን ሲከፈት የሚደርሱት ሰው

በዚህ አገር ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው የለም። ውሃ ሦስት ቀን ትጠብቁ ይሆናል፤ መብራት የጠፋበት ሰፈርም ጠጋኝ ሲጠብቅ ይከርማል። መኪናችሁን መንገድ ዳር አቁማችሁ ኮፈኑን አንሱት እንጂ፣ እንፋሎቱ ገና ሳይበተን አንድ ሰው አጠገባችሁ ደርሷል። ማንም አልጠራውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ወደ ሞተሩ ሰገግ አድርጎ፣ ራሱን በሐዘን ይነቀንቃል። ከዚያ «መቼ ነው የጀመረው?» ብሎ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ሰው ሰበታም አለ፣ ሱሉልታም አለ። የቡራዩው ግን ከሁሉም ይበልጣሉና አንቱ እንበላቸው። ክቡር ኦቦ ኢቲቻ፣ የአምቦ መንገድ ሊቀ ሊቃውንት፣ የፈሉ ራዲያተሮች ሁሉ የነፍስ አባት፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል። መኪና ኖሯቸው አያውቅም። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ መሪም ጨብጠው አያውቁም። ይህ ግን ከእውቀታቸው ላይ ቅንጣት አልቀነሰም።

የእውቀታቸው ዋና ተጠቃሚ የህያ ነው። የህያ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ባልዲውን፣ ጆጉን፣ ሳፋውን በአሮጌ ኮሮላ ጭኖ ማክሰኞ ለሱሉልታ፣ ሐሙስ ለሰበታ ባለሱቆች ያደርሳል። ኮሮላው የህያን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ዳገት ካየ ይፈላል፤ አንዳንዴም ዳገት ሳያይ ይፈላል። በፈላ ቁጥር ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ከድንጋይ መቀመጫቸው ላይ፣ ያ ድምፅ ይመጣል።

«ሱታ! ቀስ! ክዳኑን እንዳትነካው፣ ይተንፍስ!»

እውነት ለመናገር ይህቺ ምክራቸው ትክክል ናት። የፈላ ራዲያተር ክዳን በችኮላ የከፈተ ሰው ፊቱን ይገሸለጣል። ችግሩ ከዚህች ምክር በኋላ የሚከተሉት ናቸው። ኦቦ ኢቲቻ ጆሯቸውን ኮሮላው ጎን ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፣ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። አንድ ጊዜ «ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ» ብለው የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አስወጥተውታል። «ይቺን ፈረንጅ ለበረዶ አገር ነው የሠራት። ቡራዩ ምን ልትሠራ መጣች?» አሉ። የህያ አስወጣት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልሞቅ እያለ፣ ግማሽ መንገድ እየተንገጫገጨ ሄደ። ኦቦ ኢቲቻ ይህንንም «እየለመደ ነው» ብለው ተረጎሙት።

ሰው ይስቅባቸዋል። በተለይ የሚኒባስ ሹፌሩ ወርቁ ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ «ኦቦ ኢቲቻ፣ እባክዎ የኔንም ያዳምጡልኝ፣ እርጉዝ ሳትሆን አትቀርም» አላቸው። እሳቸውም የምራቸውን ሄደው ጆሯቸውን ለጠፉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲንከተከት የህያ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ ያኔ ራሱም አላወቀም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኦቦ ኢቲቻ ዛሬ ኮንዶሚኒየምና ቪላ የተደረደረበትን ሜዳ ያርሱ ነበር። በሬ የታመመበት ሰው ከገፈርሳ ማዶ ሳይቀር ይመጣላቸው ነበር። የበሬውን ሆድ መታ መታ አድርገው፣ ጆሯቸውን ጎኑ ላይ ለጥፈው፣ ይህን አጠጡት፣ ያንን ንሱት ሲሉ ሰው ይሰማቸዋል። በሬውም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከዚያ ሜዳው ቤት ሆነ፤ በሬዎቹም በሬ ጠያቂዎቹም ቀሩ። ጆሯቸው ግን አልቀረም። አስፋልት ዳር ደግሞ የሚታመም ነገር አይጠፋም።

አሁን ይህም መቀመጫቸው አደጋ ላይ ወድቋል። ባለፈው መስከረም ኤቢሴ የምትባል፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣች ቀልጣፋ መካኒክ ከድንጋያቸው መቶ እርምጃ ያህል ርቃ ጋራዥ ከፈተች። ሰው በመንገድ ዳር መቆሙን ትቶ በቀጥታ እሷ ጋ ይገባ ጀመር። ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ኮፈን የሚከፍት አንድ የህያ ብቻ ቀረ። ሚስቱ ኢናስ «ጋራዡ እዚያው እየታየ ለምን አንተ እዚህ ትቆማለህ?» ስትለው፣ «ከዚያ በላይ አይሄድልኝም» ይላታል። የህያ እሱም ፊቱን ቢያዞር ኦቦ ኢቲቻን ምንም የሚጠይቃቸው ሰው እንደማይኖር ያውቃል። ይህን ግን ለኢናስ አልነገራትም።

ሐምሌ ላይ ራዲያተሩ ከሥር ያንጠባጥብ ጀመር። ኦቦ ኢቲቻ ጎንበስ ብለው ጠብታውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱና «አንጀቱ ቆስሏል» አሉ። «የቆሰለ አንጀት የሚለብጠው ተልባ ነው። ስንቱን በሬ አድኜበታለሁ። ግማሽ ኪሎ፣ ተቆልቶ፣ ልሞ። እጅህ እንዳይሰስት!»

የህያ ተልባውን ይዞ ቤት ሲገባ ኢናስ «ጨጓራህ ተነሳብህ እንዴ?» አለችው።

«የኔ አይደለም። የኮሮላው ነው።»

ኢናስ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቆልታ ወቀጠችለት። ትዳር ማለት አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ጉድ እኮ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ የተገለበጠው ተልባ ሠራ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት የኦቦ ኢቲቻ የክብር ዘመን ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ድንጋያቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የኮሮላውን ሥር እያሳዩ አስመሰከሩ። «መሬቱን እየው፣ ደረቅ ነው!» ወርቁ እንኳ አፉን ይዞ አለፈ።

በአሥረኛው ቀን ኮሮላው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምር የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ወጥቶ ተቸነከረ። የህያ ሦስት ቦታ እየቆመ፣ ውሃ እየለመነ ደረሰ። ኦቦ ኢቲቻ በመጀመሪያ የሞተሩ ቺንጊያ ላልቷል አሉ፤ እንዲጠብቅ ተደረገ። ቀጥሎ የፋኑ ጥፋት ነው አሉ፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓይን በልቶት ነው። ስለዚህ መኪና ብዙ ተወርቷል» አሉ። ያወራው ማን እንደሆነ አልጠቀሱም። ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ «የሞተሩ ክዳን፣ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መከፈቱ ነው» እያለ የህያን እንቅልፍ ነሳው።

ረቡዕ ጠዋት ኮሮላው ድንጋዩ አጠገብ ሲደርስ ነጭ እንፋሎት ለቀቀና ፀጥ አለ። ወርቁና ሌሎች ሁለት ሰዎች እየገፉ ኤቢሴ ጋ አስገቡት። ኦቦ ኢቲቻም ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ ተከተሉ፤ በሽተኛቸው ነውና።

ኤቢሴ ብዙ አላወራችም። እስኪበርድ ጠብቃ ውሃ ሞላችና ሞተሩን አስነሳች። ትንሽ ቆይታ የራዲያተሩን አናት በጣቷ ነካ አድርጋ እጇን ቶሎ ሳበች። ከዚያ ታችኛውን ጎን ነካች፤ እዚያ ላይ መዳፏን አሳርፋ ተወችው።

«ላዩ እሳት ነው፣ ታቹ ግን ቀዝቃዛ። ውሃው አያልፍም፤ ራዲያተሩ ተደፍኗል» አለች።

ፈታ አወጣችውና ገለበጠችው። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ነቅነቅ ስታደርገው ቡናማ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ የሚለጠጥ ነገር እየተጎተተ ከሥሩ የተቀመጠ ሳፋ ላይ ተዘረገፈ። ኤቢሴ በሁለት ጣቷ አንስታ አሸተተችው።

«ይሄ... ተልባ ነው እንዴ?»

ወርቁ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። «ኦቦ ኢቲቻ! እርስዎ ኖት ያጠጡት! ኧረ ሰዎች ኑ እዩ፣ ኮሮላ በተልባ ታንቆ ሊሞት ነበር!» ከሱቁም ከመንገዱም ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ዘጠኙን ቀን ያስታውሳል፤ ሁሉም ወደ ኦቦ ኢቲቻ ዞረ።

ሁልጊዜ ከኋላቸው የሚጣመሩት እጆቻቸው ወደ ፊት መጡ፤ ከዘራውን በሁለት እጃቸው ያዙት። አፋቸው ሊከፈት ሞከረና ተወ። የህያ በዚህ ሁሉ ዓመት እኚህን ሰው ዝም ብለው አይቷቸው አያውቅም። ሽማግሌ መሆናቸውንም የዚያን ቀን ገና ያየ መሰለው።

«እኔ ነኝ» አለ የህያ።

«ምኑ ነህ?» አለ ወርቁ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ኢቲቻ አንዲት ማንኪያ ነበር ያሉኝ። እኔ ቶሎ ይዳን ብዬ ግማሽ ኪሎ ገለበጥኩበት።»

ኤቢሴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው። «ወላሂ በል።»

የህያን ሳል ያዘው። በደንብ ሳለ። ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ አፍንጫውን ሲያብስ፣ ቆየ። ኤቢሴ እሱን አየች፣ ከዘራውን የያዙትን እጆች አየች፣ ከዚያ ራዲያተሩን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች።

«አንድ ማንኪያማ ቢሆን ምንም አይለውም ነበር» አለች።

ከዚያ ከከዘራው ጀርባ አንድ ድምፅ፣ መጀመሪያ ቀጠን ብሎ፣ ወጣ።

«ግማሽ ኪሎ?»

«አዎ፣ ኦቦ ኢቲቻ።»

«ግማሽ ኪሎ! በሬ እንኳ በአንዴ ግማሽ ኪሎ አይችልም! አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? መድኃኒት በልክ ነው! ማር ሲበዛ ይመራል!» ድምፃቸው እየወፈረ፣ ጀርባቸው እየቀና፣ እጆቻቸው ወደ ኋላ ተመለሱ። ሃያ ደቂቃ ያህል ገሠጹት። ወርቁም ወዲያው ወገኑን ቀይሮ አብሮ ገሠጸ። የህያ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፤ ደስ እያለው ተቀበለ። ሰፈሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ «የህያ ተልባ» እያለ ይጠራዋል።

ጋስኬቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ኤቢሴ ራዲያተሩን አጥባ፣ የሚያንጠባጥበውን በብየዳ አስደፍና፣ አዲስ ቴርሞስታት አስገባችለት።

ሐሙስ ጠዋት የህያ ለሰበታ ጭኖ ሲወጣ ኦቦ ኢቲቻ ድንጋያቸው ላይ አልነበሩም። ኮታቸውን ለብሰው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። «ሰበታ ነህ? እስቲ ልሸኝህ» አሉት። የጋቢናው ወንበር በዕቃ ተይዞ ስለነበር አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ጭናቸው ላይ ታቅፈው ተቀመጡ። ስንቱን በሽተኛ ሲያክሙ ኖረው፣ ካከሙት መኪና ውስጥ ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አየር ጤናን እስኪያልፉ ዓይናቸውን ከጌጁ ላይ አላነሱም። ጌጁ መሐል ላይ ረግቶ ቆሟል።

«ግማሽ ኪሎ ነው ያልኩህ» አሉ ድንገት፣ ወደ ፊት እያዩ።

«እኔ አላስታውስም።»

«እኔ ግን አስታውሳለሁ።»

ዓለም ገናን አለፉ፤ ዝም። ከባድ መኪና እያቃሰተ አለፋቸው፤ ምን እንደታመመ አልተናገሩም። ኮሮላው በዕድሜው እንዲህ ተመችቶት ሄዶ አያውቅም፤ የህያ ሊደሰት ይገባው ነበር። እሱ ግን ደጋግሞ ወደ ኦቦ ኢቲቻ ዞሮ አየ። እኚህን የማይሆን ምክር ሲመክሩት የኖሩ ሰው አባቱን በሚወድበት ልብ እንደሚወዳቸው ገባው፤ ዝምታቸውንም ሊችለው አልቻለም።

«ኦቦ ኢቲቻ» አለ፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ። «ይሄ ድምፅ ይሰማዎታል?»

ምንም ድምፅ አልነበረም። ኦቦ ኢቲቻ ቀስ ብለው ዞሩና አዩት፤ ከዚያ ሳፋውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወደ ፊት አጎነበሱ።

«መስኮትህን ዝጋው እስቲ፣ ልስማው» አሉ።

የህያ መስኮቱን ዘጋው።